ከጓሳ ወደ ቆርቆሮ

ልጆቼ መሰላሌን ፈልጠው ማገዶ ካደረጉት ወዲህ ሥራ ፈት ነኝ። የፈለጡት ሳይነግሩኝ ነው። ጠዋት ተነሥቼ ከተጋደመበት ባጣው ጊዜ ማን ሰረቀኝ ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ ተቆጣሁ፤ ለካ ምሳዬ የበሰለው በሱ ኖሯል። ትልቁ ልጄ «አባባ፣ ከጣራ ወድቀህ ከምናለቅስ እዚህ ተቀምጠህ ብትሰድበን ይሻለናል» አለኝ። ሰደብሁታ። ሰድቤም ምሳዬን በላሁ።

ጓዳዬን ተከራይቶ የሚኖር አንድ የትምህርት ቤት መምህር አለ፤ ሸጋ ልጅ ነው። ደጅ ተቀምጬ ባገኘኝ ቁጥር የጥንቱን ይጠይቀኛል። አንድ ቀን «አያ ሲሳይ፣ ሣር ሲከድኑ ኖረው ቆርቆሮ ሲመጣ ሥራው ቀለለልዎት?» አለኝ። አዎ አልሁት። ጥቂት ቆይቼ የለም አልሁት። ሳቀና «እንግዲያው ይጻፉታ» አለኝ። እኔ ዳዊት ሳልደርስ ነው ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥቼ ጣራ ላይ የወጣሁት። ስጽፍ ፊደሉ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ቢሆንም ጽፌዋለሁ፤ ያልገባው ሰው መጥቶ ይጠይቀኝ፣ መሰላል ስለሌለኝ ከቤት አልጠፋም።

ሙያውን ያስተማሩኝ አያ ደርሶ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። አገራችን ወገራ ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ከፍ ብሎ ያለ፣ ነፋሱ ሰውን አጎንብሶ የሚያስኬድ ደጋ። በዚያ አገር ቤት የሠራ ሁሉ እሳቸውን ሳይጠራ አያስከድንም ነበር።

ሣር ሁሉ አንድ አይደለም። ቆላው በሰንበሌጥ ይከድናል፤ እኛ ዘንድ ግን ጓሳ ነው፤ ብርድ ያሳደገው ረጅም ቀጭን ሣር ስለሆነ ዝናብ አይፈራም። አያ ደርሶ የሣሩን እስር ከታች ስንወረውርላቸው መጀመሪያ ያሸቱታል። እርጥበት ከሸተታቸው መልሰው ወደ ታች ይለቁታል፤ እኛም ራሳችንን ይዘን እንሸሻለን። ደረቁን ደግሞ በጣታቸው ያበጥሩታል፤ አረሙና ገለባው እስኪረግፍ ድረስ እንደ ሴት ጸጉር ነው የሚያበጥሩት። ከዚያ ከጠርዙ ጀምረው ክቡን እየዞሩ፣ አንዱን እስር በሌላው ላይ እያስተኙ፣ ማገሩ ላይ በዛፍ ልጥ ጥፍር ያደርጉታል። አደራ የሚሉኝ ያንን ማሰሪያ ነው። «ሣሩ እንጨቱን ከሚነካበት እሰር፤ አየር ላይ አትሰር» ይሉኛል። እንቅልፌ ውስጥ ሳይቀር እሰማው ነበር።

ሌላም አመል ነበራቸው። ክዳኑ አልቆ ባለቤቱ ጠላ ሲያቀርብ እሳቸው አይነኩም። ቤቱ ውስጥ ይገቡና በሩን ያስዘጋሉ። ጋቢያቸውን አጥፈው ተንተርሰው ወለሉ ላይ በጀርባቸው ይንጋለላሉ። የማያውቅ ሰው ተኙ ይላል። አንዲት ባለቤት «ለኔ የሠሩልኝ መስሎኝ፤ ለካ መኝታ አጥተው ነው» ብላለች። እሳቸው ግን ብርሃን ነው የሚፈልጉት። ከጨለማው ውስጥ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ካዩ ተነሥተው ጋቢያቸውን ያራግፉና እንደገና ይወጣሉ። ብርሃን ያስገባ ውሃ ያስገባል፣ ይህ ነው ሕጋቸው። ከዚያ በኋላ ነው ጠላው የሚቀመስ።

ደግሞስ ክዳን ሥራ ብቻ ነበር ወይ? ሰፈሩ ሁሉ ደቦ ይወጣል፤ ወንዱም ሴቱም ሣር ያቀብላል፣ ሴቱ ይዘፍናል፣ ከላይና ከታች መሰዳደብ ነው። ሚስቴን ያየኋት ጣራ ላይ ሆኜ ነው። እስር ስትወረውርልኝ ፊቴን መታችኝና ይቅርታ እንኳ አላለችም። በዚያው ወደድኋት።

ኋላ ቆርቆሮው መጣና ዘመኔ ተገለበጠ። ጎንደር ገብቼ ሐጂ ዑመር ከሚባሉ ተቋራጭ ዘንድ ተቀጠርሁ፤ ደሞዙ በወር፣ በፊርማ ነበር። ሐጂ ደግ አለቃ ነበሩ፤ ብቻ እታች ጃንጥላ ዘርግተው ቆመው ፈጠን ፈጠን ማለት ይወዳሉ። አንድ የግንቦት ቀትር ቆርቆሮው ከመጋሉ የተነሣ ጫማዬ ሥር ያለው ጎማ መለጠፍ ጀመረ። እኔም አላስቻለኝም፤ «ሐጂ፣ እስቲ ጃንጥላዎን ይዘው ይውጡና ከዚህ ሆነው ፈጠን ይበሉ» አልኋቸው። ባልደረቦቼ ዛሬ ሲሳይ ተባረረ ብለው መዶሻቸውን አቆሙ። ሐጂ ጃንጥላቸውን አጠፉና ወጡ። መሰላሉ ጫፍ ደርሰው መዳፋቸውን ቆርቆሮው ላይ አሳረፉ፤ ወዲያው አነሡት። ወረዱና ከዚያ ቀን ጀምሮ በበጋ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ አይኖርም አሉ። ሣር ስንከድን በፀሐይ ምክንያት ሥራ አቁመን አናውቅም።

ድብ ባሕር ላይ የመንገድ ሠራተኞችን ካምፕ ከድኛለሁ። እዚያ ነፋሱ አንድ ቆርቆሮ ከእጄ ነጥቆ ወስዶ የአንድ ገበሬ እርሻ ላይ ጣለው። ልመልሰው ብሄድ ሰውየው የፍየል ቤት በር አድርጎታል። ከሰማይ የመጣ ነው፣ አልሰጥም አለ። ተከራክረን ተከራክረን በመጨረሻ በሩ ጠሞ ነበርና እኔው አስተካክዬለት መጣሁ። እንፍራንዝም ትምህርት ቤት ከድኛለሁ፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሣ መምህሩ ማስተማር ትቶ ቆሞ ይጠብቃል፤ ልጆቹ ደስታቸው ነው።

እንግዲህ ቀለለ ወይ ለሚለው፣ ጓሳ ለማጨድ በብርድ ተራራ ለወጣው ሰው ቀልሏል። በየጥቂት ዓመቱ ጣራዬን ላድስ ለሚለው ባለቤት ቀልሏል። እሳት ለሚፈራ ቀልሏል። ለከዳኙ ግን እጁን ይቆርጠዋል፣ ጆሮውን ያደነቁረዋል፣ ዘፈንም የለም። ደግሞ ሣር ቢሳሳት በአንድ እስር ይታረማል፤ ቆርቆሮ ሲሳሳት በአንድ ጊዜ ነው አገር ምድሩን የሚያዳርሰው። ይህን ያወቅሁት ሐጂ ዘንድ ሳልሄድ፣ ገና ከአያ ደርሶ እጅ እንደወጣሁ፣ በመጀመሪያው ቆርቆሮዬ ነው። እሱን ልናገር።

የአጥቢያችን ገብርኤል ጣራ ጓሳ ነበር፤ አያ ደርሶ ከአባታቸው ጋር የከደኑት። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ አረጀና ምእመኑ ተሰበሰበ። የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ምሕረቱ፣ ቆርቆሮ እናልብሰው አሉ። ጎንደር ላይ የጣሊያን መጋዘን ፈርሶ አሮጌ ቆርቆሮ ይሸጥ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ አያ ደርሶ ዞረ። እሳቸው ተነሡና «እኔ የሚንጫጫ ጣራ አልሠራም» ብለው ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ።

እኔ ደግሞ እችላለሁ አልሁ። በጣሊያን ጊዜ አዘዞ ላይ ድንጋይ ስሸከም ቆርቆሮ ሲመታ አይቻለሁ። አየሁ እንጂ መትቼ አላውቅም። አያ ደርሶ ይህን ሲሰሙ በመንገድ አግኝተውኝ ፊታቸውን አዞሩ። እኔም አዞርሁ።

ቆርቆሮው እስከ አምባ ጊዮርጊስ በማኪና መጣ፤ ከዚያ በላይ በሰው ትከሻ ነው። ነፋሱ ሲነሣ አንድ ቀጭን ዲያቆን ከነቆርቆሮው ተገፍቶ ባቄላ እርሻ ውስጥ ተቀመጠ፤ እሱ እስኪነሣ ድረስ እኛ ስንስቅ ቆየን። ታቦቱ ለጊዜው መቃኞ ገባ፤ መቃኞ ግቢው ጥግ ያለችው ትንሽ ጎጆ ናት፤ ቤተ ክርስቲያኑ እስኪታደስ ታቦት የሚቆይባት።

ቆርቆሮ ሞገድ አለው፤ ጉብታና ቦይ። አሮጌ ስለነበር የጣሊያን ምስማር የበሳው ቀዳዳ ነበረበት፤ ቀዳዳው ሁሉ ጉብታው ላይ ነው። አይቼ ሳቅሁ። ጉብታው እንጨቱን አይነካም፤ ባዶ አየር ነው። እኔ አየር ላይ አትሰር ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። «ሰውየው ምስማር መምታት ሳይችል ነው አገር ልግዛ ያለ» አልሁ፤ ሰዉም ሳቀልኝ። ምስማሬን ቦዩ ውስጥ፣ እንጨቱን ከሚነካበት፣ ከጠርዙ እስከ ጉልላቱ ድረስ ጥብቅ አድርጌ መታሁ። ክብ ጣራ ስለሆነ ቆርቆሮውን ወደ ላይ እያሾለሁ በመቀስ መቁረጥ ነበረብኝ፤ እሱ አምሮልኝ ነበር። ሲያልቅ ከሩቅ ያበራል፤ የአምባ ጊዮርጊስ ገበያተኛ ቆሞ አየው። ታቦቱ በእልልታ ተመለሰ። ያን ቀን የኔን ያህል የኮራ ሰው በወገራ አልነበረም።

ሰኔ ገባና የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በቅዳሴ ላይ ጣለ። ቦይ ማለት ውሃ የሚሄድበት ነው። ይህን ለማወቅ ገበሬ መሆን ይበቃል፤ እኔ ደግሞ ገበሬም ነበርሁ። ውሃው ቦይ ቦዩን ወርዶ በየምስማሬ ሥር ገባ። ካህናቱ ላይ፣ መጻሕፍቱ ላይ፣ መጋረጃው ላይ ወረደ። ዝናቡ ቆመ፤ ውስጥ ግን አልቆመም። ይሻረግ የምትባል አንደበቷ የማያርፍ ባልቴት ነጠላዋን እየጨመቀች «ምነው ሲሳይ፣ ውጭስ አባርቷል፤ እዚህ መቼ ነው የሚያባራ?» አለችኝ።

ታቦቱ በጃንጥላ ታጅቦ ወደ መቃኞ ተመለሰ። ያ ነው ያሳመመኝ። ገበያ ስወርድ ሴቶቹ ወንፊት ሠሪው መጣ ይላሉ። ሽማግሌዎቹም ተቀምጠው ቆረጡ፤ እስከ ሐምሌ ገብርኤል ካልደረቀ ቆርቆሮው ይወርዳል፣ ሲሳይም በዚህ አገር ጣራ አይነካም። በክረምት ደረቅ ጓሳ የለም፤ ስለዚህ ቆርቆሮው ከወረደ ታቦቱ ክረምቱን በመቃኞዋ፣ እሷም በምታፈስ ጎጆ፣ ሊከርም ነው፤ በዓሉም እዚያው ጭቃ ላይ ሊውል ነው። እኔም ሌላ ሙያ የለኝም።

ወጥቼ ጭቃ ለቀለቅሁበት። ታጠበ። እበት ለቀለቅሁበት። እሱም ታጠበ፤ የታጠበው ደግሞ ውስጥ ነው የወረደ፤ ስለዚህ ስድቡ ጨመረ። ሰው ሁሉ አያ ደርሶን ለምን ይለኛል። ሄጄ እግራቸው ላይ እንዳልወድቅ እኔ ግትር፤ መጥተው እንዳያዩልኝ እሳቸው ግትር። በዓሉ እየቀረበ ሄደ።

አንድ ጠዋት ካፊያ ይላል፤ እኔ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ባልዲ ስደረድር አያ ደርሶ ዘንጋቸውን ይዘው ገቡ። ሰላም አላሉኝም። በሩን ዝጋው አሉ። ጋቢያቸውን አጥፈው ቅኔ ማኅሌቱ ወለል ላይ፣ ባልዲዎቹ መካከል፣ በጀርባቸው ተንጋለሉ። ከላይ የጣሊያን ቀዳዳ ሁሉ እንደ ኮከብ ያበራል። ብዙ ቆዩ። እውነትም ተኙ ብዬ ነበር።

«አንተ» አሉ።

«አቤት አያ።»

«ያ የሚያበራው፣ ጉብታው ላይ ያለው ቀዳዳ፣ ማን የበሳው ነው?»

«ጣሊያን ነው።»

«ቦዩን?»

«እኔ ነኝ።»

አንዲት ጠብታ ከጨለማው ወርዳ ግንባራቸው ላይ አረፈች። አልጠረጓትም።

«ብርሃን ያለበት ደረቅ ነው» አሉ። «የሚያፈሰው ጨለማው ነው። ጨለማው ያንተ ምስማር ነው።»

«አየር ላይ አትሰር ያሉኝ አንቱ አይደሉም እንዴ?»

«ለሣር ነዋ ያልሁህ። ይህ ሣር ነው?»

እሳቸው እንደተንጋለሉ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ታመሙ ብዬ ጎንበስ ብል እየሳቁ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ብርሃን ሲያሳድዱ ኖረው ዛሬ ብርሃኑ ደረቅ፣ ጨለማው ርጥብ ሆኖ ተገኘ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ተኝቶ የሚስቅ ሽማግሌ ቆሞ ማየት አይቻልም፤ እኔም አጠገባቸው ተጋደምሁና አብሬ ሳቅሁ። ዕርቃችን ያ ነበር፤ ሽማግሌ አልገባበትም።

ከዚያ ሥራ ሆነ። ምስማሩን ሁሉ ነቀልን። ከመንገድ ሠራተኞች ሬንጅ ለምኜ አመጣሁ፤ እሱን አቅልጠን በጨርቅ እየነከርን የቦዩን ቀዳዳ ደፈንን። አንድ ሹፌር የተቀደደ ካላማዳሪ ሰጠኝ፤ የማኪና ጎማ ውስጥ የሚገባውን ማለቴ ነው። እሱን እንደ ሳንቲም ክብ ክብ እያደረግሁ ቆርጬ ከምስማሩ ራስ ሥር አደረግሁት፤ አሮጌውም ቀዳዳ አዲሱም በሱ ተከደነ። አሁን ምስማሩ ጉብታው ላይ ነው። ነገር ግን ጉብታው ባዶ ስለሆነ መዶሻው ሲያርፍበት ይሰረጉዳል፤ ውሃም ይቋጥራል። እኔ ቀስ ብዬ ብመታም አልሆነም። አያ ደርሶ ጥቂት አዩና ወርደው ሄዱ። ሲመለሱ የተገመደ ጓሳ ተሸክመዋል። «ባዶውን አትምታው» አሉና ገመዱን ከጉብታው ሥር፣ በእንጨቱና በቆርቆሮው መካከል፣ አስገቡት። መታሁ። አልሰረጎደም።

«እንግዲህ የሣር ክዳን ነው» አሉኝ።

ቆርቆሮው ላይ መሄድ ግን አልቻሉበትም። በመጀመሪያው ቀን በባዶ እግራቸው ረግጠው እስከ ጠርዙ ተንሸራተቱ፤ ጋቢያቸው በምስማር ተይዞ ነው የቀሩት። «ጓሳ ሰውን ይይዛል፤ ይህ ሰውን ይተፋል» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ወገባቸውን በገመድ ከጉልላቱ ጋር አስረው እንደ ፍየል እየተሳቡ ሠሩ። ይሻረግ ከታች ቆማ «አያ ደርሶ፣ ሣር ልወርውርልዎ?» ትላቸዋለች። እሳቸውም ወርውሪ ይሏታል። ጣራው ላይ እንደገና መሰዳደብ ተጀመረ። ደስ አለኝ።

የመጨረሻውን ምስማር የመታነው በበዓሉ ዋዜማ ነው። ያን ሰሞን ካፊያ እንጂ ዝናብ አልጣለም፤ ስለዚህ ያፍስ አያፍስ ማንም አያውቅም። አለቃ ምሕረቱ ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ ጣራው አዩ፣ ወደኔ አዩ። ከዚያ ታቦቱ ይግባ አሉ። ዳግም ከወጣ ግን ሦስተኛ እንደማይገባ ሁላችን እናውቃለን።

በማግስቱ ማኅሌቱ ቆሞ፣ ደብተራዎቹ በቀኝና በግራ ተሰልፈው መቋሚያቸውን እያነሡ ሳለ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶ ጣለ። የወገራ የሐምሌ በረዶ ነው፤ በግ ይገድላል። ጣራው ላይ ሲወርድ ድንጋይ ከማኪና የሚዘረገፍ ይመስላል። እኔ ውስጥ አልነበርሁም። መግባት አልቻልሁም። አንዲት ጠብታ ሰው ላይ ስትወርድ ከማይ ብዬ ግቢው ውስጥ ካለ ወይራ ሥር ቆሜ ነበር። ወይራውም ብዙ አላስጠለለኝም፤ ከራሴ እስከ እግሬ ረጠብሁ፤ በረዶው ጀርባዬን ይወግረኛል።

በሩ ተከፈተና አያ ደርሶ ወጡ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅ ግን አልሰማም፤ ቆርቆሮው ሁሉን ውጦታል። እጄን አወዛወዝሁ፤ አልሰማሁም ማለቴ ነው። እሳቸውም ደጋግመው ተናገሩ። በመጨረሻ ተናደዱና ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው በበረዶው ውስጥ ወደኔ መጡ። ቀኝ እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ደብቀውታል። ደርሰው አወጡትና መዳፋቸውን ጉንጬ ላይ አሳረፉት።

ደረቅ ነበር። ሞቅ ያለና ደረቅ። ኋላ እንደነገሩኝ ማኅሌቱ መካከል መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ደብተራዎቹን እየገፉ፣ ዙሪያውን ሁሉ ዞረው ነበር።

ክንዴን ይዘው ጎትተው አስገቡኝ። ውስጥ ያለው ጫጫታ ከውጭው ይብሳል። ከበሮው ሲመታ ይታያል እንጂ አይሰማም። የቀኙም የግራውም አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። መቋሚያው ግን እኩል ይወዛወዛል፤ ማንም አላቆመም። ሰው ሁሉ አንድ ዓይኑን ጣራው ላይ አድርጎ ነው የሚያዜመው። ይሻረግ ሳትቀር አንጋጣለች፤ የምትናገረው አጥታ።

በረዶው እንደ መጣ ድንገት ቆመ። ያን ጊዜ ነው ጉዱ የተሰማው። በቀኝ ያሉት አንድ ቃል ያዜማሉ፤ በግራ ያሉት ከሱ ሦስት ቤት ወደፊት ሄደው ሌላ ይላሉ፤ ከበሮ መቺው ደግሞ የራሱን ይመታል። እርስ በርሳቸው ሲደማመጡ ቀስ በቀስ ዝም አሉ። ዝምታው ውስጥ ሁላችን ጠብታ አዳመጥን። የለም። አለቃ ምሕረቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እሳቸው ሲስቁ ቀኙም ግራውም ሳቀ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

አለቃ ዓይናቸውን ጠርገው «ከመጀመሪያው» አሉ።

ከመጀመሪያው ጀመሩት። እኔም አያ ደርሶ አጠገብ ቆሜ፣ ከልብሴ የሚወርደው ውሃ እግሬ ሥር እየተቋጠረ፣ ወለሉን አራስሁት። ያን ቀን እዚያ ቤት ውስጥ የማፈሰው እኔ ብቻ ነበርሁ።